«ሙጫ ያለበት ቦርድ አይሠራም» ማለት ይብቃን

ለመስመሩ ነጋዴዎችና ቤተሰቦች፣ ከናጋድ።

«ሙጫ ያለበት ቦርድ አይሠራም፣ አዲስ ግዙ።» ይህን ቃል በእኛ መስመር ያልሰማ የለም። የልብስ ማጠቢያ ይበላሻል፣ የኤሲ ካርድ ይቃጠላል፣ የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ ዝም ይላል። ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ ያያል፣ ቦርዱ እንደ ማር በወፈረ ሙጫ ተሸፍኗል፣ ክዳኑን መልሶ ይዘጋል። እኛም ከኋላው ቆመን «ልክ ነው፣ እንዲህ ያለው አይሠራም» እንላለን። ልክ አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ለዚህ ነው። ከፋብሪካውም ከጠጋኙም በፊት የምንወቅሰው ራሳችንን ነው፤ ይህን ቃል ከገበያ ገበያ ተሸክመን ያዞርነው እኛ ነንና።

አንዲት እናታችን አሉ። ናጋድ ጣቢያ አካባቢ ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላና ፎጣ እያጠቡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ሁለት የማጠቢያ ማሽን ነበራቸው፤ ሁለቱንም የሸጥንላቸው እኛ ነን፤ ስሪታቸውም አንድ ነው። ባለፈው የሙቀት ወራት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ቁልፉ ቢጫን፣ ሶኬቱ ቢቀየር፣ አንዲት መብራት እንኳ አልበራችም።

አንደኛውን ይዘን አንድ ሱቅ ሄድን። ጠጋኙ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ። እኛ ለመንነው፤ «ዛሬውኑ ጨርስልን» ብለን አጣደፍነው። ሆት ኤሩን እስከ ላይ ከፍቶ ሙጫውን ማቃጠል ጀመረ። ሱቁ በጭስ ተሞላ፣ ዓይናችን አነባ፣ ልጁም ሳል ያዘው። ሙጫው ከስሎ ከቦርዱ ጋር ተጣበቀ፤ በጩቤ ሲፍቀው ከሥሩ ያለው የመዳብ መስመር ተነቅሎ መጣ። «ነግሬያችሁ ነበር፣ ሙጫ ያለበት አይሠራም» አለና አስረከበን። አዲስ ማሽን ስንጠይቅ 65,000 የጅቡቲ ፍራንክ ተባልን።

ሁለተኛውን ድሬዳዋ ሙያውን ተምሮ እዚህ ለሚሠራ ሌላ ልጅ ሰጠነው። ቦርዱን በጥፍሩ ጫን ጫን አድርጎ አየውና «እማማ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ። ካልሠራልኝ ገንዘብ አልቀበልዎትም» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ አንሶላው ይጠብቃል፤ የማይጠብቀው ደንበኛው ነው» አሉት። ሆኖም ተውለት። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ውሃ ሳበ። የተበላሹት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ አንድ ፊውዝ ሬዚስተር፣ አንድ ቫሪስተርና አንድ የፓወር ሰፕላይ አይሲ። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ 1,000 ፍራንክ አልሞላም። ለድካሙ 7,000 ወሰደ። ማሽኑ እስከ ዛሬ ያጥባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማሽኑ አንድ ዓይነት፣ ቦርዱ አንድ ዓይነት፣ ሙጫው አንድ ዓይነት፣ ጉዳቱን ያመጣው መብራትም ያው ነው። አንዱ ቦርድ ሞተ፣ አንዱ ተነሣ። ሙጫው ገዳይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በሞቱ ነበር። የመጀመሪያውን የገደለው ጥድፊያና አለማወቅ ነው፤ በጥድፊያው ውስጥ ደግሞ የእኛ እጅ አለበት።

ሙጫውን ያለ ስሙ ስም እንዳንሰጠው መጀመሪያ ለምን እንደሚደረግ እንነጋገር። ፋብሪካ ቦርድን የሚሸፍነው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ስስ ሽፋን ነው፤ እንደ ቫርኒሽ ይቀባል ወይም ይረጫል፣ የዕቃዎቹ ቅርጽ ከሥሩ ይታያል። ሁለተኛው ቦርዱን በሳህን አስቀምጦ ሙጫ ማፍሰስ ነው፤ ዕቃዎቹ ሙሉ በሙሉ ይቀበራሉ። የማጠቢያ ማሽን ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ነው። ማሽኑ ውሃና እንፋሎት ስላለበት፣ ሲሽከረከርም ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሙጫው እርጥበቱን ይከለክላል፣ ዕቃዎቹንም አጥብቆ ይይዛል።

ለጅቡቲ ደግሞ ሙጫው ከማንም በላይ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ቀዝቃዛ፣ ከባሕር ጨውም የራቀ ነው። እዚያ ያለ ሽፋን ዓመታት የሚሠራ ቦርድ እዚህ ሲመጣ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። በሙቀቱ ወራት ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን አቧራ ይዞ ይገባል፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ጨው አለበት። ጨውና እርጥበት በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሲገናኙ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ በሁለት መስመሮች መካከልም መብራት መሄድ በማይገባው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ «ሙጫውን ገፍፈን እንጣለው» የሚል ሰው ካለ ከእሱም ጋር አንስማማም። ሙጫው ተከፍቶ፣ ሥራው ተሠርቶ፣ ቦታው ተመልሶ መሸፈን አለበት። ሳይሸፈን የተመለሰ ቦርድ ለናጋድ አየር ግማሽ ጥገና ነው።

ሙጫው አንድ ዓይነት አለመሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? «ሙጫ» በሚለው አንድ ቃላችን ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አክሪሊክ ስስና ጠንካራ ቫርኒሽ ነው፤ በአሴቶን ይሟሟል። ሲሊኮን እንደ ላስቲክ ነው፤ አሴቶን አያሟሟውም፣ ነገር ግን በፕላስቲክ መፋቂያ ተቆርጦ ይነሣል። ፖሊዩረቴን ከለስላሳ ላስቲክ እስከ ጠንካራ ፕላስቲክ ይደርሳል፤ በልኩ ሲሞቅ ይለሰልስና በቁራጭ በቁራጭ ይወጣል። የእናታችን ማሽን ላይ የነበረው ይኸው ለስላሳው ነው። ኤፖክሲ ግን እንደ ድንጋይ ነው፤ እሱን የሚያሟሟ ነገር ቦርዱን ራሱን ይበላዋል፤ ምክንያቱም ቦርዱም የተሠራው ከመስታወት ክርና ከኤፖክሲ ነው። እንግዲህ አራቱን በአንድ ቃል ጠርቶ «አይሠራም» ማለት ሐኪም ትኩሳት ያለበትን ሁሉ «አይድንም» እንደሚለው ነው።

ድሬዳዋ የተማረው ልጅ ምን እንዳደረገ አጠገቡ ቁጭ ብለን አይተናል፤ ምሥጢር አይደለም፣ እሱም እንድንጽፈው ፈቅዷል። መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለና ቆየ። የ220 ቮልት መብራት ቦርዱ ውስጥ ሲገባ በትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ይሆናል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ሙጫ ስለሸፈነው በዓይን አይለይም። ስለዚህ በመልቲሜትር ለካ፣ የቀረውንም በሬዚስተር አፍስሶ አወጣ፣ ዳግመኛ ለካ። ሙጫ ያለበት ቦርድ ላይ በባዶ እጅ የሚሮጥ ጠጋኝ ካያችሁ አስቁሙት።

ከዚያ የመልቲሜትሩን ጫፍ ላይ ስል መርፌ አሠረ። ለስላሳው ሙጫ መርፌ ያስገባል፤ ስለዚህ ምንም ሳይፍቅ ከመብራት መግቢያው ጀምሮ አንድ በአንድ እየወጋ ለካ። መብራቱ የት ድረስ ደርሶ የት እንደቆመ አገኘ። ይህን ያህል ከሠራ በኋላ ነው መፋቅ የጀመረው፤ የፋቀውም ሙሉውን ቦርድ ሳይሆን በሁለት ጣት የሚሸፈን ቦታ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ስህተት እዚህ ላይ ነበር፤ ጉዳቱ የት እንዳለ ሳያውቅ ሁሉንም ሊገፍ ተነሣ። ቦታውን ሳይለይ መሬቱን ሁሉ የሚቆፍር ጉድጓድ ቆፋሪ ውሃ አያገኝም፣ ግቢውን ያበላሻል እንጂ።

ሲፍቅም ሙቀቱ ትንሽ ነበር፤ ከ100 ዲግሪ ብዙ አልራቀም። ሙጫው እንዲለሰልስ እንጂ እንዲጨስ አልፈለገም። በጩቤ ፈንታ የቀርከሃ እንጨትና የፕላስቲክ መፋቂያ ያዘ፤ እነዚህ መዳቡን አይቧጭሩም። ከዕቃዎቹ እግር ሥር ያለውን ቀሪ ሙጫ በንጹሕ አነሣ፤ በሙጫ ላይ ካውያ ቢያርፍ ይጨሳልና፣ ሊዱም በደንብ አይዝምና። የተቃጠሉትን ሦስቱን ቀየረ፤ ቦታውን በ99 በመቶ አልኮል አጠበ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶው 30 በመቶ ውሃ አለበት፤ ለቁስል እንጂ ለቦርድ አይሆንም። ካደረቀና ከሞከረ በኋላ የከፈተውን ጉድጓድ መልሶ ሞላ።

የሞላበትንም አስተውለናል። በየሱቁ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አለ። እሱን ቦርድ ላይ የሚያደርጉ ሞልተዋል። ያ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም መዳቡን ይበላል፤ ማሽኑ ተሠራ ተብሎ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰውም «ሙጫ ያለበት አይሠራም አላልኩም?» ይላል። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነው የማይሸተው፣ ገለልተኛው ነው። የሁለቱ ልዩነት አንድ ቱቦ መምረጥ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ጭሱ። ይህን በቀልድ አንናገረውም። ፖሊዩረቴን ሲቃጠል አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ያወጣል፤ ይህ ደግሞ አስም የሚያስይዝ ነው፤ አንዴ ሰውነትን ካስቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ሊድ ለማቅለጥ 350 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሠራበትን ሆት ኤር በሙጫ ላይ የሚለቁ ልጆች ይህን በየቀኑ ይስባሉ፤ ያውም ኤሲ እንዳይወጣ ተብሎ በሩ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ። እነዚህ የእኛ ልጆች ናቸው። ለማሽኑ ስንል ሳንባቸውን እንዳንሸጥባቸው።

ሌላም አለ። ቀለም ማንሻ ተብሎ የሚሸጥ፣ ዳይክሎሮሜቴን ያለበት ፈሳሽ «ሙጫ ይፈታል» እየተባለ በእጅ ያዙኝ ልቀቁኝ ይዞራል። ይፈታል፤ ሰውንም ይፈታል። ትነቱ በሰውነት ውስጥ ገብቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሠራተኞች ሞተውበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤት ተጠቃሚ በቀለም ማንሻነት እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በ2024 ደግሞ አብዛኛውን ሌላ አጠቃቀሙን ከለከለች። እዚያ የተከለከለው እኛ ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ ቢመጣ ገዝተን አንሽጥ። አሴቶንም ቢሆን እሳት ይወዳል፣ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይተናል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። በጠርሙስ አድርገን ከልብስ ጋር ጠቅልለን በተሳፋሪ ባቡር ይዘን አንውጣ። አንዲት ሻንጣ ስንት ሰው የያዘ ፉርጎ ልታቃጥል ትችላለች።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ የእኛ ሙያ እሱ ነውና። አዲስ ማሽን 65,000፣ ጥገናው 8,000 ፍራንክ። «ጥገና እኮ አይሳካም» የሚሉን አሉ። እሺ፣ ከሦስት አንዱ ብቻ ይሳካል እንበል፤ ላልተሳካውም ሙሉ ዋጋ እንክፈል እንበል። ሦስቴ 8,000 ማለት 24,000 ነው፤ የአዲሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኮሜርስ ስንማር ካጠፋነው ጊዜ ሁሉ የጠቀመን አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዋጋ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ብቻ አይደለም፣ ዕቃው ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀንም ዋጋ ነው። እናታችን ያለ ማሽን የቆዩባቸው ቀናት ሁለት ማረፊያዎች ለሌላ አጣቢ እንዲሄዱባቸው አድርገዋል። ያንን ማንም አልመለሰላቸውም።

ከድንበሩ ማዶ ላሉት ቤተሰቦቻችን ደግሞ ሂሳቡ የባሰ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 አካባቢ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ዶላር ከ130 አልፏል። ስለዚህ በዶላር የሚገዛው ቦርድ በብር ሲቆጠር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የድሬዳዋ ጠጋኝ የአንድ ቀን ድካም ግን በዚያው ልክ አልተወደደም። እንግዲህ በዶላር የሚመጣውን እየጣልን በብር የሚከፈለውን የማንጠቀምበት ምን ዓይነት ንግድ ነው?

«እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ ሰው አዲስ ባይገዛ ከየት ትበላላችሁ?» የሚለን ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው። ማሽኑ ቆሞባት ገቢዋ የተቋረጠ ሴት አዲስ አትገዛም፤ ዱቤ ትጠይቃለች፣ ዱቤውም አይመለስም። ማሽኗ የተሠራላት ግን ተመልሳ ትመጣለች፣ እህቷንም ይዛ ትመጣለች። ደግሞም አንድ ማጠቢያ ማሽን በባቡርም በመኪናም ስንት ቦታ ይይዛል፣ ስንት ቀረጥ ይጠይቃል? ለሃምሳ ማሽን የሚበቃ ፊውዝ ሬዚስተር፣ ቫሪስተር፣ ትራያክ፣ ሪሌይና የፓወር ሰፕላይ አይሲ በአንድ የእጅ ቦርሳ ይገባል። በሕጋዊ መንገድ አስመዝግበን፣ ቀረጡን ከፍለን ብንነግደው ትርፉ በኪሎ ሲሰላ ከማሽኑ ይበልጣል። ያልነገድነው ስላላሰብነው ነው።

ሁሉም ይሠራል ግን አንልም። እንዲህ ብንል እኛም ዋሾ እንሆናለን። በጥቁር ኤፖክሲ ድፍን ተደርጎ የተሠራ የባጃጅ ሲዲአይ ወይም ትንሽ የኤልኢዲ ድራይቨር ለመክፈት የሚወስደው ጊዜ ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል፤ ይቀየር። የሊቲየም ባትሪ እሽግ በሙጫ ተዘግቶ ከመጣ በመፋቂያ የሚነካካ እሳት እየነካካ ነው። የመኪና ኤርባግና ፍሬን መቆጣጠሪያ፣ የሆስፒታል መሣሪያ፣ እነዚህ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለባቸው ናቸው፤ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ አይከፈቱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ በዚሁ በጅቡቲ በኩል የኤሌክትሪክ መኪኖች ይገባሉ፤ ቻርጀራቸውና መቆጣጠሪያቸው በሙጫ የተሞላ ነው፣ ውስጣቸው ያለው ቮልት ደግሞ ከማጠቢያ ማሽን ጋር አይወዳደርም። ለእሱ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። የተማረ ሰው የሚገኘው ግን ዛሬ በማጠቢያ ማሽን እጁን ካፍታታው ልጅ መካከል ነው። ዛሬ «አዲስ ግዙ» እያልን ሙያውን ከገደልነው ነገ ለመኪናውም የሚደርስልን አይኖርም።

ይህ መስመር ደግሞ ለጥገና እንግዳ አይደለም። የድሮው ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በእሱ ነው፤ በባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥም የእኛ አባቶች መለዋወጫ ከውጭ ሳይጠብቁ ራሳቸው እየቀረጹ ያረጀውን ባቡር ለአሥርተ ዓመታት አስኬዱት። ዛሬ ከፉሪ ለቡ ናጋድ የሚያደርሰን አዲሱ ባቡር የንግድ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ሆነ፤ ከብረት መቅረጽ ወደ ቦርድ መክፈት መሻገር ግን ያቃተን እኛ ነን።

ፋብሪካውንም ዝም ብለን አናልፈውም። ሙጫው ለእርጥበት ከሆነ ለስላሳ፣ የሚነሣ ሙጫ አለ፤ ቶሎ የሚቃጠለውን ፊውዝና ቫሪስተር ከሙጫው ውጭ ማስቀመጥም ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ሁሉንም በድንጋይ የሚቀብር ፋብሪካ እርጥበትን ብቻ ሳይሆን ጠጋኙንም እየከለከለ ነው። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥገና መብት መመሪያ፣ አምራች ያለ በቂ ምክንያት በውል ቃልም ሆነ በዕቃው አሠራር ጥገናን እንዳያደናቅፍ ደንግጓል፤ አባል አገሮችም ከሐምሌ 2026 መጨረሻ ጀምሮ ሊሠሩበት ነው። ከመጋቢት 2021 ጀምሮም እዚያ የሚሸጥ የማጠቢያ ማሽን አምራች ቦርድን ጨምሮ መለዋወጫ ለባለሙያ ጠጋኞች ቢያንስ ለ10 ዓመት ማቅረብ ግዴታው ነው። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት በማሽኑ ላይ ከ10 የሚታሰብ የጥገና ነጥብ እንዲለጠፍ አደረገች። ለእነሱ የተቻለው ለእኛ የማይቻለው ለምንድን ነው? እኛ ስላልጠየቅን ነው። ዱባይም ሆነ ጓንዡ ሄደን ዋጋ ስንከራከር አንድ ቀን እንኳ «ይህ ቦርድ ይከፈታል ወይ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

የተጣለው የት እንደሚሄድም እናስብ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ዘገባ በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥሏል፤ በሥርዓት መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው እንደ እኛ ባሉ ከተሞች ዳር ይቃጠላል፣ ልጆች መዳብ ይለቅሙበታል። ያ የተቃጠለው የመጀመሪያው ቦርድ የት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁን የምናፍርበትን መልስ እንሰጣለን።

ስለዚህ ከእንግዲህ እኛ እንዲህ እናደርጋለን፤ እናንተም ያዙን። ማሽን ከማምጣታችን በፊት የኋላ ክዳኑን አስከፍተን ቦርዱን በጥፍራችን እንጫናለን፤ ጥፍር የሚቀበለውን እንወስዳለን፣ ድንጋይ የሆነውን ዋጋው ቢቀንስም እንተወዋለን። ከአሥር ማሽን ጋር አንድ ትርፍ ቦርድ እናመጣለን። ዋስትና ስንጽፍ «ቦርድ አይጨምርም» የምትለዋን መስመር እናወጣለን፤ ያቺን መስመር እኛው ጽፈናት ነበር። ጠጋኝ «ሦስት ቀን ስጡኝ» ካለን ሦስት ቀን እንሰጠዋለን፣ ለመመርመሪያውም ሳይሠራልንም ቢሆን እንከፍለዋለን። ንጹሕ አልኮል፣ ገለልተኛ ሲሊኮንና የጭስ መሳቢያ ቬንትሌተር ከመለዋወጫው ጋር እናስገባለን።

ከጠጋኞቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን። «አይሠራም» ከማለታችሁ በፊት «እኔ አልሠራውም» በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፣ ሁለተኛው ወደሚሠራው ሰው መንገድ ያሳያል። በዚያ ወጣት ላይ ቂም የለንም። ማንም አላስተማረውም፣ እኛም ጊዜ አልሰጠነውም። ድሬዳዋ የተማረው ልጅ እሑድ እሑድ አጠገቡ እንዲቀመጥ ተስማምቷል፤ የተቃጠለውን ቦርድም መለማመጃ አድርገው ይፍቁበታል።

እናታችን በአንድ ማሽን እየሠሩ ነው። ለሁለተኛው ቦርድ እየፈለግን ነው፤ ዕዳው የእኛ ነው። የዚያ ዓይነት ማሽን ሞተሩ ወይም ከበሮው ሞቶ ቦርዱ ደህና የሆነ ያለው ሰው በመስመሩ ላይ ካለ፣ ከሰበታ እስከ ናጋድ የትም ይሁን፣ እንዳይጥለው። ንገሩን፣ መጥተን እንወስዳለን።

የናጋድ ነጋዴ እህቶቻችሁ